«ረቡዕ ማታ የት ነበርክ?» የሐዋሳ የማታ ዲግሪ፣ ቤቱ ላልፈቀደለት ተማሪ ሲመዘን

ኮሌጅ ሲገመገም ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመምህሩ ብቃት፣ የቤተ ሙከራው ዕቃና የክፍያው ነገር ነው። እዚህ የያዝነው ሚዛን ሌላ ነው። አባቱ «ይቅርብህ» ያለው፣ የጉባኤው ሽማግሌዎች «ዓለም ውስጥ ገብተህ ትቀራለህ» ብለው የመከሩት ልጅ፣ ሐዋሳ ውስጥ ካሉት የትምህርት መርሐ ግብሮች የትኛውን ቢይዝ እስከ ምረቃ ይዘልቃል? ለሴት ልጅ ደግሞ «አሥራ ሁለተኛን ከጨረሽ ምን ጎደለሽ፣ ባል ነው የቀረሽ» ይጨመርበታል።

እንዲህ ዓይነት ጥብቅ ኅብረት የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለምና ስም አንጠራም። የሚያመሳስላቸው ግን ግልጽ ነው። ሳምንቱ በፕሮግራም የተሞላ ነው፤ ሥራውም ጋብቻውም ዕድሩም ከውስጥ ነው፤ የቀረ ሰው በዚያው ቀን ይታወቃል። ትምህርት የሚቋረጠውም ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው፦ በሰዓት ግጭት፣ በባጃጅ ሂሳብ፣ በአባት ሣጥን በተቆለፈ ወረቀት። ስለ እምነት የሚደረገው ትልቁ ክርክር ኋላ ነው የሚመጣው።

ፍርዱን እናስቀድም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የደረሰው ሰው ሌላውን ትቶ መደበኛውን (የቀኑን) ይያዝ። ከቤት መውጣት ያልተቻለው ወይም ቀን ሥራ ላይ ያለው የማታውን ይያዝ፤ ከ5 ሦስት ተኩል እንሰጠዋለን። ርቀት ሁለት ተኩል ያገኛል። የቅዳሜና እሁዱ ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ አንድ ብቻ ነው። ሥራ ላለውና ማንም ለማይጠይቀው ሰው መልካም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ይህን ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ከሁሉ በፊት የመግቢያው ነገር። ማታም ሆነ ርቀት፣ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ ዲግሪ ከሆነ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ይጠየቃል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ መስፈርቱ 50 በመቶ ነው፤ ያን ያላመጣ በሬሜዲያል (በአቅም ማሻሻያ ትምህርት) በኩል ነው የሚገባው፣ ወይም በቴክኒክና ሙያ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። «ነጥብ ባይኖርም እናስገባለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ በሩን ዝጉትና ውጡ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንደርስበታለን። ቁጥሩ ደግሞ ለሽምግልናም ይጠቅማል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። ልጁ ማለፉን «ከመቶ ሰው ዘጠኝ በማይሞሉት ውስጥ ገብቷል» ብሎ ለአባት የሚነግር ሰው፣ «ትምህርት መብቱ ነው» ብሎ ከሚጀምረው ይልቅ ይደመጣል።

የቅዳሜና እሁዱን ለምን አንድ ሰጠነው? ብዙ ተቋማት ተማሪው ቢያንስ 80 ወይም 85 በመቶ ክፍል ካልተገኘ የመጨረሻ ፈተና አያስቀምጡትም። በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥና 16 ሳምንት የሚዘልቅ ኮርስ በ85 በመቶ ሕግ የሚፈቅደው 2 መቅረት ነው፤ በ80 በመቶ ደግሞ 3። ቅዳሜን ወይም እሁድን ለአምልኮ የሚጠብቅ ሰው ይህን ኮታ በመጀመሪያው ወር ይጨርሰዋል። የባሰው በብሎክ የሚሰጠው ነው። አንድ ኮርስ በ5 ቅዳሜና እሁድ ተጨምቆ ያልቃል እንበል፤ 10 ክፍለ ጊዜ ነው። አንድ የሦስት ቀን ኮንፈረንስ ቅዳሜና እሁዱን ቢበላው ከ10 ሁለቱ ሄደ፣ ይህም 20 በመቶ ነው። በ85ቱ ሕግ ወደቃችሁ፣ በ80ው ደግሞ ጫፍ ላይ ቆማችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ወባ እንኳ ቢያማችሁ መድኃኒት የለውም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር መሆኗን አትርሱ። በዚያ ላይ የእሁድ ጉባኤ ላይ ባዶ ወንበር የሚታየው ከየትኛውም ቀን በላይ ነው፤ ባይከፈት በሚሻል ጦርነት ግንባር ላይ መቆም ምን ያደርጋል?

የማታው መርሐ ግብር በአብዛኛው ከ11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡30 ነው፣ በሳምንት አራት ወይም አምስት ምሽት። ጥሩ ጎኑ እሁድ ነጻ መሆኑ፣ የቀን ሥራ ማስቻሉና መቅረት በብዙ ክፍለ ጊዜ ላይ መበተኑ ነው፤ አንድ ምሽት ቢያመልጥ በመቶኛ ሲሰላ ትንሽ ነው። መጥፎ ጎኑ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። የጉባኤው የረቡዕ ትምህርትና የዓርብ ጸሎት የሚጀመርበት ሰዓት የማታው ክፍል ከሚጀመርበት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሬጂስትራር ሄዳችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «ክፍያው ስንት ነው» ብቻ አይደለም። ያለፈውን ሴሚስተር የክፍል ፕሮግራም አሳዩኝ በሉ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። የቀናቱ አቀማመጥ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም።

ሁለቱንም ምሽት ለማዳን የሚሞክር ተማሪ የሚሠራው ስህተት አለ። በአድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መጣያ) ጊዜ ረቡዕ የዋለውን ኮርስ ይጥላል፤ ጭነቱ ስለሚቀንስ ደስ ይለዋል። የጣለው ኮርስ ለሚቀጥለው ቅድመ ሁኔታ መሆኑን የሚያውቀው በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። አካውንቲንግን እንውሰድ፤ ፈንዳሜንታልስ 1 ሳይወሰድ ፈንዳሜንታልስ 2 አይወሰድም፣ ከዚያም ኢንተርሚዲየቱ አለ። ማታ ላይ አንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ የአንድ ረቡዕ ጉዳይ አንድ ሙሉ ዓመት ይበላል። መጣል ግድ ከሆነ የጋራ ኮርሱን ጣሉ፤ እሱ ከሌላ ባች ጋርም፣ ክረምት ላይም ይገኛል። የሙያውን ሰንሰለት አትንኩ። ቀድሞውኑ የኮርስ ዝርዝሩን ወረቀት ጠይቃችሁ ቅድመ ሁኔታ ያላቸውን በቀለም አስምሩባቸው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

መመለሻው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የመስመር ባጃጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከመናኸሪያ ወይም ከፒያሳ ራቅ ወዳለ ሰፈር የሚገባ ሰው ኮንትራት መያዙ አይቀርም። የማታን ትምህርት ዋጋ ስታሰሉ በኮሌጁ ክፍያ አትቁሙ፤ የአንድ ምሽት ኮንትራት በ16 አባዙ፣ ይህ የአንድ ወር መመለሻ ነው፣ በሳምንት አራት ምሽት ሲሆን። ባጃጅ ከኋላ 3 ሰው ይይዛልና ከአንድ ሰፈር 3 ሆኖ አንድ ባለ ባጃጅን በወር መያዝ ሂሳቡን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ለሴት ተማሪ ጥቅሙ ከገንዘብም ያልፋል፤ ሹፌሩ አንድ ሰው መሆኑን ቤት ያውቃል፣ የሰፈሩ ወሬም «ከማንም ጋር ማታ ማታ» የሚለውን ጫፍ ያጣል። ክረምት ላይ በዝናብ ምክንያት ከሰዓቱ ከዘገያችሁ ባጃጁ አይጠብቅምና ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ስለ ኮርሶቹ፣ ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ «ምን ያስተምሯችኋል?» ማለታቸው አይቀርም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን፣ ማለትም የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት ነው። ሎጂክ (ክሪቲካል ቲንኪንግ)፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎት፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ግብረ ገብና ዜግነት፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ እና ሌሎችም አሉበት። በይዘታቸው ችግር የሚያስነሱት ሁለት ናቸው። የአንትሮፖሎጂው ሞጁል የሰው ልጅ አመጣጥን የሚያትት ክፍል አለው፤ የታሪኩም ቢሆን ከቅድመ ታሪክ ይጀምራልና ድንቅነሽን ሳያነሳ አያልፍም። እናት ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሞጁል ስትገልጥ የምታገኘው የራስ ቅል ሥዕል ከሆነ፣ የዓመቱ ክርክር በአንድ ገጽ ተጀመረ ማለት ነው። መፍትሔው መደበቅ አይደለም፤ ሞጁሎቹ በፒዲኤፍ ይገኛሉና ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፣ ሲጠየቁ ግን እውነቱን መናገር ይሻላል፦ ፈተናው የሚጠይቀው ተመራማሪዎች ምን እንደሚሉ እንጂ ተፈታኙ ምን እንደሚያምን አይደለም። «በሳይንሱ መሠረት» ብሎ መልስ መጻፍ የእምነት መግለጫ አይሆንም። ይህንን በዕርጋታ የሚያስረዳ ተማሪ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ከይዘት ውጭ የሚያስቸግረው ፊዚካል ፊትነስ (የአካል ብቃት እንቅስቃሴ) ነው። ሱሪ በማይፈቀድበት ቤት ያደገች ልጅ የምትጨነቀው በዚህ ነው። ኮርሱ ማለፍና መውደቅ ብቻ እንጂ ውጤቱ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ አይገባም። ሰፊና ረጅም ቱታ፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ ሹራብ ወይም ቀሚስ፣ አብዛኛው መምህር አይቃወምም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ ለብቻ መናገር ነው። ዝም ብሎ መቅረት ግን ያወድቃል፣ ተመልሶም ይወሰዳል።

የሙያ ምርጫው ላይ ኅብረቱ ራሱ የሚጠቀምበትን መምረጥ ነገሩን ያቀለዋል፤ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ አካውንቲንግ፣ ግብርና። የኅብረቱ ሰው ሲታመም የሚወሰደው ሪፈራል ሆስፒታል ነው፤ እዚያ የሚያክመው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መሆኑን ሽማግሌዎቹም አይክዱም። ነገር ግን ጤናን ማታ እንማራለን የሚሉ ይጠንቀቁ። የንድፈ ሐሳቡ ክፍል ማታ ቢሰጥም የሆስፒታል ልምምዱ ቀን ነው፣ የሌሊት ዲዩቲም (ተረኝነትም) አለበት። ቀን ሱቅ የሚሠራ ሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ሥራውን ወይም ትምህርቱን ይመርጣል። ለማታ የሚመቹት አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስና የመሳሰሉት ናቸው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሰፊ ቦታ የምንሰጠው በብዙ ቤት ውስጥ ትግሉ የሚጀመረውም የሚያልቀውም ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው። ለምዝገባ የሚጠየቀው የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ነው፤ ዋናውና ኮፒው። ዋናው በአባት እጅ ካለ ሣጥኑ መሰበር የለበትም፣ ወረቀቱም መሰረቅ የለበትም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በመለያ ቁጥር ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽ ይወጣል፤ መለያ ቁጥሩን በፈተናው ሰሞን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ትራንስክሪፕቱ ተማሪው ከተማረበት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል እንደገና ይጻፋል፤ በመስከረም ሰው ስለሚበዛ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ መሄድ ነው። አንዳንዶች የሚያደርጉት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ጠፍቶብኛል» ማለት ነው። አታድርጉት። ወረቀቱ አልጠፋም፣ ቤት ነው ያለው፤ ሐሰተኛ ቃል መስጠት በሕግ ያስጠይቃል፣ በኅብረቱ ዘንድ ደግሞ «ሲማር መዋሸት ጀመረ» የሚለውን ወሬ ራሳችሁ ታቀብላላችሁ።

መታወቂያውም እንዲሁ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ከቤቱ ማኅደር ጋር ስለሚያያዝ የቤቱ አባወራ ካልተባበረ ሊጓተት ይችላል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ግን የግለሰብ ነው፤ 18 ዓመት የሞላው ሰው የአባቱን ፊርማ ሳይጠይቅ ይመዘገባል፣ ምዝገባው በነጻ ነው። ባንኮችም አሁን ሂሳብ ለመክፈት የሚጠይቁት እሱን ነው። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ፋይዳ፣ የስልክ ቁጥር በራስ ስም፣ የባንክ ሂሳብ በራስ ስም፣ ከዚያ ኮሌጅ ነው። ሲም ካርዱ በአባት ስም ከሆነ የኮሌጁ መልእክትም የባንኩ ኮድም በማን እጅ እንደሚገባ አስቡት።

እውቅናውን በተመለከተ አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ግቢ፣ ለእያንዳንዱ የአሰጣጥ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ያለው ግቢ አካውንቲንግን በመደበኛ ቢያስተምር፣ ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፍ በርቀት ይሰጣል ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ስታዩ አራቱን አንብቡ፦ የትምህርት ክፍሉን፣ የግቢውን አድራሻ፣ የአሰጣጥ ዘዴውን፣ የሚያበቃበትን ቀን። ከዚያ በባለሥልጣኑ በኩል አረጋግጡ። የግል ተቋማት ዳግም ምዝገባ ስለተካሄደ የአምናው ዝርዝር ለዘንድሮ አያገለግልም። ነጥብ ሳያሟላ የገባ ወይም ስሙ ለባለሥልጣኑ ያልተላከ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ ለመያዝ ግድ የሆነው የመውጫ ፈተና ላይ መቀመጥ አይችልም። ቤቱ የደገፈው ተማሪ ይህ ቢደርስበት ሌላ ቦታ ይሞክራል፤ ተቃውሞ ይዞ የወጣው ግን የሽማግሌዎቹን «ነግረንህ ነበር» ይዞ ይመለሳል። ለዚህ ነው በሩን ዝጉት ያልነው።

መናገሩስ? ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰው ከሰው አትሰውርም። ከመናኸሪያ ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ እስኪደርስ ሁለት የሚያውቀው ሰው ያላገኘ የለም። ደብቆ የሚማር ሰው በአንድ ወር ውስጥ ይታያል፣ ያን ጊዜ ክሱ መማሩ ሳይሆን መደበቁ ይሆናል። የሚሻለው ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ከገባ በኋላ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሳይጀመር፣ ራስ መናገር ነው። አጭር ይሁን፤ ምን፣ መቼ፣ በማን ገንዘብ፣ ስንት ሰዓት መመለስ። «አባባ፣ ኮሌጅ ተመዝግቤያለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ነው። ረቡዕ አልገኝም፣ እሁድ ግን አልቀርም። ክፍያውን ራሴ ነኝ የምከፍለው፤ ከ3 ሰዓት በፊት ቤት እገባለሁ።» ከዚያ ዝም ማለት። ለምን እንደሚማር ማስረዳት ከጀመረ ክርክሩ ሃይማኖት ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ደግሞ ከአባቱ ጋር ጥቅስ ቢማዘዝ አያሸንፍም። ሽማግሌ መላክ ካስፈለገ መጋቢውን ወይም አባትየው የሚፈሩትን ሰው አትላኩ፤ በዚያው ኅብረት ውስጥ ያለች ነርስ ወይም አስተማሪ፣ ተምራ ሥራ ይዛ ከጉባኤው ያልጠፋች ሰው፣ ትሻላለች።

ሴት ልጅ ኮሌጅ እንደምትገባ ሲሰማ የጋብቻ ጥያቄ በድንገት የሚፈጥንበት ቤት አለ። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ደግሞ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ይላል። ነገሩ ከግፊት አልፎ ወደ ማስገደድ ከሄደ የሚኬደው ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው።

ከኅብረት መታገድ ቢመጣ መጀመሪያ የሚነካው ኪስ ነው። ሥራችሁ የኅብረቱ ሰው ሱቅ ውስጥ ከሆነ ደመወዙ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላልና ከመመዝገባችሁ በፊት ሌላ የገቢ መንገድ ያዙ፤ ማስጠናት፣ የቀን ሥራ፣ ማንኛውንም። ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር ክፍያና የሦስት ወር የደባል ቤት ኪራይ በራስ ሂሳብ ይቀመጥ። የቤት አከራይ ቅድሚያ መጠየቁ አይቀርም። ክፍያውን ስትጠይቁ በክሬዲት ስንት እንደሆነ፣ ምዝገባው ለብቻ መሆኑን፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣቱን፣ የመመረቂያውንና የቴምፖውን (የጊዜያዊ ዲግሪውን) ሁሉ በአንድ ወረቀት አስጽፉ፤ ደረሰኝ ደግሞ ቤት አይቀመጥም።

ማቋረጥ ግድ ከሆነ ዝም ብሎ መጥፋት ትልቁ ጥፋት ነው። የዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ቅጽ ሞልታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ኮፒውን ይዛችሁ ውጡ። ቅጹን ያልሞላ ተማሪ ኮርሶቹ ላይ ኤፍ ይከመርበታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ለስልሶ ሲመለስ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የሚያገኝበት በር በዚያ ይዘጋበታል። የሞላው ከቆመበት ይቀጥላል።

ርቀት ትምህርት ላይ ላዩን ሲያዩት ለዚህ ተማሪ የተሠራ ይመስላል፤ ረቡዕም እሁድም አይነካም፣ ባጃጅ የለም። ችግሩ ሞጁሎቹ የሚነበቡት ትምህርቱን በማይፈልግ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። መብራቱም ጸጥታውም የሚገኘው ከዚያው ቤት ነው፤ «ና እንጨት ፍለጥ»፣ «ነይ ቡና አፍዪ» እያለ ቀኑን ይበላዋል። ቲቶሪያሉ (በአካል የሚሰጠው ማጠናከሪያ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነው። ትምህርቱን የሚያነቡበት ሌላ ቦታ ላላቸው ብቻ እንመክረዋለን።

ማታው ግን አንድ የተደበቀ ጉድለት አለው፣ ሦስት ተኩል ላይ ያቆምነውም በእሱ ነው። ተማሪው ለሦስት ሰዓት መጥቶ ይሄዳል፤ ጓደኛ አያፈራም። መደበኛው ላይ የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የወንጌላውያኑ ፌሎ (ፌሎሺፕ)፣ የሙስሊሙ ጀምዓ አለ፤ እምነቱን ይዞ የሚማር ሰው በዓይኑ ያያል፣ የጾም ቀን ካፌው የጾም ያቀርባል። የሽማግሌዎቹ ስጋት መሠረት የለውም አንልም። ጫት ቤቱና ግሮሰሪው ከግቢ በር ብዙ አይርቅም፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚጠፋ ልጅ አለ። ሆኖም የሚጠብቀው ጓደኛ ያለው የመደበኛው ነው እንጂ በጨለማ መጥቶ በጨለማ የሚሄደው የማታው አይደለም።

መደበኛው ሌላም ጥቅም አለው። ገንዘብ ቀድሞ አይጠይቅም። በወጪ መጋራት ውል ተማሪው ምግብና መኝታውን፣ ከትምህርቱ ወጪም 15 በመቶውን፣ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ አባት ኪሱን ቢዘጋም ትምህርቱ አይቆምም። ምደባው ሐዋሳ ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ተማሪ ግን ራቅ ማለቱ ጉዳት ብቻ አይደለም። ጥሪው ሲወጣ ለምዝገባ የሚሰጠው ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው ይባላል። ይህን በነሐሴ አዘጋጅታችሁ ዘመድ ቤት አስቀምጡ፤ ጥሪው በወጣ ማግስት ቤት ውስጥ ሻንጣ ማሰር ጠብ መጥራት ነው። ጥሪውንም ከዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ገጽ ብቻ ተከታተሉ፣ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚከፈት የሐሰት ቴሌግራም ብዙ ነው።

የመጨረሻው ደጃፍ ለሁሉም አንድ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የማታም ይሁን የርቀት፣ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ የወደቀ ደግሞ ይቀመጣል። በኮምፒውተር ስለሆነ ማውስ ይዞ የማያውቅ የማታ ተማሪ ሰዓቱን ጠቅ በማድረግ ያባክናል፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ኮሌጁ ባዘጋጀው የሙከራ ፈተና ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ለትምህርት ክፍላችሁ የወጣውን የፈተና ይዘት ዝርዝር አግኝታችሁ በረቡዕ የጣላችሁት ኮርስ ውስጡ መኖር አለመኖሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አለ።